የቼክ ቫልቩ ምላስ

ነገሩ በሻይ ጀመረ። አማቷ ከብርጭቆው አንድ ጊዜ ፉት አሉና አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት፤ ከዚያ ብርጭቆውን በጣታቸው ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፋ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ ሻይ ሚስማር ሚስማር ይላል።»

ምራቲቱ ቀና ብላ አየቻቸው። ሥራዋ ብረት ነው። የእሳት አደጋ መከላከያ ቧንቧ የሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ ገጣጣሚ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በፋብሪካና በመጋዘን ጣሪያ ሥር ቀይ ቀለም የተቀባ ቧንቧ ስታስርና ስትፈታ ትውላለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ፓፓጋሎ» ይሏታል፤ ቧንቧ ጨምድዶ የሚይዘው ባለረጅም እጀታ መሣሪያ ስም ነው። ስሙ የወጣላት የያዘችውን ስለማትለቅ ነው፤ ቧንቧም ይሁን ነገር። የቱንም ያህል ብትታጠብ ጣቶቿን የዝገትና የዘይት ሽታ አይለቃቸውም። ስለዚህ ሻዩ ሚስማር አለ ሲባል፣ ነገሩ ወደ ማን እንደተወረወረ ለማወቅ ብዙ አልተመራመረችም።

«እጄን ታጥቤ ነው ያፈላሁት፣ እማማ።»

«እጅሽን ማን አነሳ? ሻዩን ነው ያልኩት።»

ባሏ በሁለቱ መሃል ተቀምጦ ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የራሱን ብርጭቆ አንስቶ ጨለጠና «እኔ ምንም አልቀመስኩም» አለ። በእናትና በሚስት መሃል የሚኖር ሰው ምላሱ ቀስ በቀስ ይደነዝዛል።

እማማ ወደዚህ ቤት የመጡት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ቤቱ የአንድ አሮጌ ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ የታችኛው ወለል ላይ ነው፤ እሳቸው የኋለኛውን ክፍል ይዘዋል። ሁለቱ ሴቶች ተጣልተው አያውቁም፤ ተዋደዱ ለማለትም አያስደፍርም። አንድ ጠረጴዛ እንደሚጋሩ የቢሮ ሠራተኞች ተከባብረውና ተጠባብቀው ይኖራሉ።

የሻዩ ነገር በዚያው ቢቀር ኖሮ፣ የአማትና የምራት ወግ ተብሎ ይረሳ ነበር። ግን ብዙም ሳይቆይ የባሏ ነጭ ሸሚዝ ከእጥበት ቢጫ ነጠብጣብ ይዞ ወጣ። ከዚያ ፊት ለፊታቸው የምትኖረው ልብስ ሰፊ ትንሽ ልጇን አዝላ መጥታ «የናንተስ ውሃ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች። የልጁ ሆድ እምቢ ካለ ሰንብቷል፤ ሐኪሙ ውሃ አፍልታ እንድታጠጣው ነግሯታል። የላይኛዎቹ ፎቆች ከጣሪያው ታንከር ስለሚጠጡ ውሃቸው ንጹሕ ነበር። «የታችኞቹ ቧንቧቸውን አያጸዱም» አሉ። የታችኞቹ ደግሞ «የላይኞቹ ቆሻሻቸውን ይለቁብናል» አሉ። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው፤ በሁለቱ መሃል ገብተው ከመፍረድ ይልቅ «ምክንያቱ እስኪገኝ ሁላችሁም አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ወረቀት መግቢያው ላይ ለጠፉ። ጥሩ ምክር ነበር፤ ምክንያቱን ግን አይፈልግም።

ፓፓጋሎ በእረፍት ቀኗ ነጭ ሳፋ ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ሥር አስቀምጣ ከፈተችና ጠበቀች። ጠዋት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውሃ ሲከፍት የመንገዱ መስመር ኃይሉ ይደክማል፤ ቧንቧው ይንተፋተፍና ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይፈሳል። እንደገና ሲፈስ ሳፋው ውስጥ የወረደው ውሃ ጠቆር ያለ ነበር። ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

ሽታውን ታውቀዋለች። በሙያዋ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእሳት ውሃ ቧንቧው ውስጥ ለዓመታት ይቆማል፤ ማንም አይጠጣውም፣ ማንም አይታጠብበትም፣ እሳት እስኪመጣ ይጠብቃል። ሲቆይ ይሞታል። ዝገቱ፣ ቧንቧው ሲቆረጥ የቀረው ዘይት፣ የታሰረበት ቃጫ አብረው ይበሰብሳሉ። አሮጌ መስመር ሲፈታ መጀመሪያ የሚመጣው ያ ጥቁር ውሃ ነው፤ ባልደረቦቿ ፊታቸውን ዞር አድርገው ነው የሚያስወርዱት። አሁን ያ ውሃ ወጥ ቤቷ ገብቷል። እማማ ሻዩን ሲያሙ እውነታቸውን ነበር።

መግባት ግን አልነበረበትም። ከመንገድ የሚመጣው ዋና ቧንቧ ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ወደየቤቱ፣ ሌላው በደረጃው በኩል ሽቅብ ወደ እሳት ማጥፊያ ጎማዎቹ። በሁለተኛው አንገት ላይ ቼክ ቫልቭ አለ። ቼክ ቫልቭ ውሃን ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የማያሳልፍ በር ነው። ሆዱ ውስጥ ከላይ የተንጠለጠለ የብረት ምላስ አለው፤ ውሃ ከመንገድ ሲመጣ ገፍቶት ያልፋል፣ ልመለስ ሲል ምላሱ ወርዶ አፉን ይደፍናል። ሲደፍን ድምፅ አለው። ኳ!

እዚህ ላይ ስትደርስ ፓፓጋሎ ከሳፋው ቀና አለች። ያንን ኳኳታ ከሰማች ቆይታለች። ድምፅ ሲጀምር እንጂ ሲቆም ማን ልብ ይላል።

እማማ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እማማ፣ ከታች ኳ የሚለው ድምፅ ከቆመ ቆየ እንዴ?»

«የቱ ድምፅ?» አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ከምስሩ ሳያነሱ።

ያ ድምፅ በነበረ ጊዜ ከእሳቸው በላይ ያማረረው ሰው አልነበረም። ክፍላቸው ከቫልቩ አናት ላይ ነው። ፓፓጋሎ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም፤ የመሣሪያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የምድር ቤቱ ቁልፍ የሕንፃው ጠባቂ ዘንድ ነው። ጠባቂውን ሁሉም «ሻምበል» ይሏቸዋል። አንድ ቀን እንኳ ወታደር ሆነው አያውቁም፤ አካሄዳቸው ነው ያሾማቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ የሰው ዕቃ ተሸክመው ፎቅ ይወጣሉ፣ እምቢ ማለት አያውቁም። ያን ቀን ግን ቁልፉን ከጥቅሉ ውስጥ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው።

«ምን ልታዪ ነው?»

«የእሳቱን መስመር።»

«ምን ሆነና? ዝም ብሎ ቆሟል እኮ።»

«እሱን ነው የማየው፣ ሻምበል። ለምን ዝም እንዳለ።»

ምድር ቤቱ ዝቅ ያለ ነው፤ አንድ አምፖል አለው። የውሃውን መዝጊያ ዘጋች፣ ከሥር ባልዲ አስቀመጠች፣ የቫልቩን ክዳን ቡሎኖች አንድ በአንድ አላላች። ቡሎኖቹ ሊያስቸግሯት ይገባ ነበር፤ ለዓመታት ያልተነኩ ነበሩና። አላስቸገሯትም። ክዳኑን አንስታ ባትሪ አበራችበት። ውስጡ ባዶ ነው። ምላሱ የለም፤ ማንጠልጠያው ጎን ላይ በጉልበት የተፈለፈለ ቁስል አለ፤ ምላሱ አርፎ የሚደፍንበት ከንፈርም ተጭሯል።

«ምላሱስ?» አለች።

«የምን ምላስ?»

ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። ሻምበል በውሸት አልሠለጠኑም። ወደ ክፍላቸው ሄዱና ክብ ብረት ይዘው ተመለሱ። ካወጡት ጀምሮ ለሚወዛወዝ አልጋቸው እግር ድጋፍ አድርገውት ኖሯል።

«ሰው ለመነኝ» አሉ። «እንቅልፍ አጣሁ ያለ ሰው። ትንሽ ነገር መሰለኝ። ውሃው እንደሆነ ሲያልፍ ነበር፣ አሁንም ያልፋል።»

«ሲመለስም ያልፋል እኮ፣ ሻምበል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ የጠጣው እሱን ነው።»

ሻምበል ብረቱን በእጃቸው አገላበጡት።

«ያ ብቻ አይደለም። እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ ውጭ ግድግዳው ላይ ባለው አፍ ውሃ ይገፋል። ውሃው ወደ ፎቅ መውጣት ሲገባው በዚህ በኩል ዞሮ ወደ መንገድ ይወርድ ነበር። እነሱ ሲገፉ፣ እሱ ሲፈስ። ላይ ያሉት ጎማውን ይዘው ይቀሩ ነበር።»

ጠባቂው ጥግ ላይ የነበረ ሌላ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡበት። ኮፍያቸውን አወለቁ። «ማን እንደለመነኝ አትጠይቂኝ» አሉ በመጨረሻ። «አደራ አለብኝ።»

«አልጠይቅም» አለች። መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ብታስብ ሁለት መንገድ ነበራት። ሌላ ቫልቭ ፈልጋ ገጥማ ነገሩን ምድር ቤት ውስጥ መቅበር አንዱ ነው። ግን አሮጌው ተጎድቷል፤ አዲስ እስኪገኝ ድረስ ውሃው እንዳይቆሽሽ የእሳቱን መስመር መዝጋት አለባት። መስመሩ ከተዘጋ ደግሞ ሕንፃው ያለ እሳት ውሃ ያድራል፤ ይህን ደብቃ ብትተኛ እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለዚህ ሊቀመንበሩ ቤት ወጥታ ያየችውን ነገረቻቸው፤ ምላሱ ወጥቷል፣ ውሃው የሚመለሰው በዚያ ነው፣ መስመሩን ዘግቻለሁ፣ እስኪጠገን በየፎቁ ማጥፊያ ይቀመጥ። ማን አወጣው ሲሏት «ቁልፉ ያለው ሻምበል ዘንድ ነው፤ ለምን እንዳወጡት እሳቸው ይንገሯችሁ» አለች። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ለባሏም አልነገረችው። እማማንም እንደወትሮው «እንደምን አመሹ» አለቻቸው፤ እሳቸውም እንደወትሮው መለሱ። ግን እራት ላይ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

እሑድ ከሰዓት ነዋሪው መግቢያው አዳራሽ ተሰበሰበ። ወንበር ያለው ወንበሩን ይዞ ወረደ፤ የሌለው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሻምበል ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ሊቀመንበሩ የሆነውን በአጭሩ ሲያስረዱ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሲጨርሱ ሁሉም አንድ ላይ ተናገረ። ልብስ ሰፊዋ ጮክ አላለችም፤ ለዚያ ነው ከሁሉም በላይ የተሰማችው።

«ልጄ አጥንቱ እስኪቀር ከስቷል» አለች። «እኔ ሌት ተቀን ጡጦ ስቀቅል፣ እኚህ ሰውዬ በደረጃው ሲያልፉ ‹ልጁ ተሻለው ወይ?› ይሉኝ ነበር። እያወቁ።»

«አላወቅሁም» አሉ ሻምበል። «ከዚያ መሆኑን አላወቅሁም።»

«ማን አዘዘዎት?» አለ ከላይኛው ፎቅ አንድ ጎልማሳ። «በራስዎ አያደርጉትም።»

ሻምበል ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ።

«ካልተናገሩ ከሥራ እናሰናብትዎታለን።»

«እንደፈቀዳችሁ» አሉ ሻምበል።

የወንበር እግር ወለሉን ሲፍቅ ተሰማ። እማማ ተነስተው ነበር። ፓፓጋሎ ልትደግፋቸው እጇን ስትዘረጋ በክንዳቸው መለስ አደረጓት።

«እሱን ተዉት» አሉ። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ‹ያንን ብረት ዝም አሰኝልኝ› አልኩት፤ ደጋግሜ ነው የለመንኩት። መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር። አለቀስኩበት። ሽማግሌ ሴት ስታለቅስበት ምን ያድርግ?»

«በድምፁ ምክንያት?» አሉ ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው።

«በድምፁ።» ይቀመጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ እማማ ቀጠሉ። «ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ትንሹ ከአባቱ ቀብር በኋላ ተጣልቶ ወጣ፤ የት እንዳለ አላውቅም። ያ ብረት ኳ ሲል በር የተንኳኳ ይመስለኛል። ብረት መሆኑን አውቃለሁ፤ ነግረውኛል። ግን እግሬ አያውቅም። ኳ ሲል እነሳለሁ፣ ሄጄ እከፍታለሁ፣ ማንም የለም። ተመልሼ እተኛለሁ፣ ኳ ይላል፣ እነሳለሁ። ልጄ አይመጣም ብዬ መተኛት አልቻልኩም፤ ይመጣል ብዬ ደግሞ ስንት ጊዜ በር ልክፈት? ደከመኝ።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። «ያንቺን ልጅ እንደሚያሳምም ባውቅ ቆሜ አድር ነበር። አላወቅሁም ማለት ግን አይክስሽም። ይቅር በይኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ልጇን ከአንድ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዞረችው። «ቢነግሩን እኮ አንድ መላ አይጠፋም ነበር፣ እማማ» አለች። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ ማንም በይ አላላትም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ሻምበል ከሥራ አልተባረሩም። የምድር ቤቱ ቁልፍ ግን ተወስዶ ለፓፓጋሎ ተሰጠ፤ ቁልፉን ሲያስረክቡ እፎይታ ነው የታየባቸው።

ፓፓጋሎ አዳራሹ ሲበተን ባሏን ብትፈልገው አጣችው። እናቱ መናገር ሲጀምሩ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ወጥታ ስታይ አጥሩ ሥር ያለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አገኘችው። አጠገቡ ተቀመጠች። ፊቱን ሳያዞር፣ «የት እንዳለ አውቃለሁ» አላት።

«ማን?»

«ወንድሜ። አንዲት የወደብ ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። አንድ ሾፌር ጓደኛዬ አግኝቶት ስልክ ቁጥሩን አመጣልኝ። ቆየ።»

«ለምን አልደወልክለትም?»

«ቀብር ላይ በሰው ፊት በጥፊ መታሁት። ‹እናቴን እንደ ዕቃ አንተ ቤት ልታስቀምጣት ነው› አለኝ፣ መታሁት። እሱ ይደውል ብዬ ጠበቅሁ። እሱም ‹ታላቄ ነው፣ እሱ ይደውል› ብሎ ይሆናል። ከዛ... ሰነበተ። ሲሰነብት ደግሞ ለእማማ እንዴት ብዬ ልንገራት? ‹እስከ ዛሬ የት ነበርክ› ብትለኝ?»

ልትቆጣው ትችል ነበር። እማማ ባዶ በር ሲከፍቱ እሱ በሚቀጥለው ክፍል ተኝቶ ነበርና። ግን ትከሻው ወርዶ አየችው፤ ለቁጣ የሚሆን ቦታ አልቀረበትም።

«ስልኩ አሁን አለህ?»

«አለኝ።»

«ደውል።»

«ነገ...»

«ነገ አይደለም። እዚሁ ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ።»

የወጣላትን ስም አላዋረደችም። ባሏ እዚያው ደወለ፤ መሸት ሲል ስልኩን ይዞ ወደ እናቱ ክፍል ገባና በሩን ዘጋ። ከውጭ የሚሰማው የእማማ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም ብዙ አልነበረም። ትበላለህ ወይ፣ የት ነው የምታድረው፣ ጥርስህ ዳነ ወይ። ባሏ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «እኔን ምንም አላለችኝም» አለ። ቢሰድቡት ይሻለው እንደነበር ከፊቱ አነበበች።

አዲሱ ቫልቭ በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። ፓፓጋሎ ሌላ ዓይነት ነበር የመረጠችው። ምላስ የለውም፤ በሽቦ ጥቅል የሚገፋ ክዳን አለው። ውሃው መድከም ሲጀምር፣ ገና ወደ ኋላ ሳይዞር ቀስ ብሎ ይዘጋል፤ ስለዚህ አያንኳኳም። ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ስትገጥመው እማማ «ልየው» ብለው መጡ። ደረጃው ገደል ነው፤ ሻምበል ክንዳቸውን ይዘው አወረዷቸው። አምፖሉ ሥር ቆመው ብረቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«ይሄ ቀስት ምንድን ነው?»

«ውሃው የሚሄድበት ነው፣ እማማ። ቀስቱን ተከትለን ነው የምንገጥመው።»

«ዘወር ተደርጎ ቢገጠምስ?»

«ጨርሶ አያሳልፍም።»

«እንደ ትልቁ ልጄ» አሉ እማማ። ባልደረቦቿ ሳቁ። እማማ ግን ሳይስቁ ጨመሩ፦ «ትንሹ ደግሞ የመጣውን ሁሉ ያሳልፋል፤ ሆዱ ውስጥ የሚቆይ ነገር የለም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው።» ከዚያ ወደ ምራታቸው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ መሆኔን ከስብሰባው በፊት አውቀሽ ነበር።»

«አውቄ ነበር።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«የእርስዎ ነገር ነው ብዬ።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ የተናገሩት ስለ ደረጃው ብቻ ነበር፤ መደገፊያ ብረት ያስፈልገዋል አሉ። ፓፓጋሎ የተረፈ ቧንቧ አምጥታ በዚያው ሰሞን ገጠመችለት።

መስመሩ ከመከፈቱ በፊት ታጠበ። ሠራተኞቹ በውጭው አፍ ውሃ እየገፉ ጣሪያ ላይ ያለውን ጎማ ከፈቱ፤ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ውሃ ወጣ። ሊቀመንበሩ ጣሪያው ላይ ጫማቸው እየራሰ በብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን ያዙት። መግቢያው ላይ የለጠፉትን ወረቀትም ራሳቸው አነሱት። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሥጋው ተመለሰ። እናቱ ለእማማ ሰላምታ መስጠት የጀመረችው ግን ብዙ ቆይታ ነው፤ አንድ ቀን ደረጃው ላይ የቀሚሳቸው ጫፍ ተተርትሮ አይታ «ይስጡኝና ልስፋው» አለቻቸው፣ በዚያ አለቀ።

ትንሹ ልጅ ወዲያው አልመጣም። በየሳምንቱ ይደውላል፤ ሥራ አለ፣ አለቃዬ አልፈቀደም፣ በሚቀጥለው ወር ይላል። ሲመጣ ታላቅየው ከአውቶቡስ ጣቢያ ተቀበለው። ምን እንደተባባሉ ፓፓጋሎ አታውቅም፤ ቤት ሲገቡ ስለ መንገዱ መበላሸት ነበር የሚያወሩት፣ ሁለቱም ከሚገባው በላይ በትኩረት። እማማ ጠዋቱን ሙሉ ሲጠብቁ ውለው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ሁለቱ ወንዶች እንዳይቀሰቅሷቸው ከግራና ከቀኝ ተቀመጡ። ወሬያቸው አለቀ። ትንሹ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ የእናቱን ፊት ሲያይ ቆየ፤ ታላቁ መስኮት መስኮቱን ያያል።

እማማ ነቁ። ትንሹን አዩት፤ ከራሱ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ታች ወረዱ።

«ጫማህን አውልቅ እንጂ» አሉት። «ምንጣፉ አሁን ነው የታጠበው።»

ጎንበስ ብሎ ክሩን መፍታት ጀመረ። ቶሎ አልተፈታለትም፤ ማንም አላቻኮለውም።